ለ21 ቀን ጉዞ የ5 ቀን ፓስ ይበቃዎታል

ጥያቄ፦ «አራት ኪሎ አካባቢ ነዋሪ ነኝ፤ መምህርት ነኝ። በመጪው ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከእናቴና ከ9 ዓመት ልጄ ጋር ፍራንክፈርት እህቴ ጋ እንሄዳለን። እዚያ ከደረስን አይቀር ፓሪስን፣ ስዊዘርላንድን፣ ቬኒስንና ሮምን ማየት እንፈልጋለን። ጊዜያችን ሦስት ሳምንት ነው። እናቴ 64 ዓመቷ ስለሆነ ሲደክማት የምታርፍበት፣ ደስ ያላት ቦታ አንድ ቀን ጨምራ የምትውልበት ጉዞ እንዲሆንላት ነው ምኞቴ። አንዴ ተገዝቶ አውሮፓን ሁሉ በባቡር የሚያስዞር ፓስ አለ ሲሉ ሰማሁ። የ22 ቀኑን ልግዛ? ቪዛው ደግሞ የየቀኑን ፕሮግራም ይጠይቃል ይባላል፤ ታዲያ እንዴት ነው እንደ ልባችን የምንሆነው? ለፍልሰታ ጾም አገራችን መግባት አለብን።»

መልስ፦ የ22 ቀኑን አይግዙ። ከዚህ የጀመርኩት ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። ከለገሃር ከፍ ብላ፣ ቸርችል ጎዳና ላይ ባለች ቢሮ ለዓመታት ትኬት ስቆርጥ፣ ደንበኞቼ መጀመሪያ የሚነግሩኝ የሚቆዩበትን ጊዜ ነው፤ «ሦስት ሳምንት ነን፣ የሦስት ሳምንት ስጡን» ይላሉ። መቁጠር ያለባቸው ግን ባቡር የሚሳፈሩበትን ቀን ነው። እህትዎ ቤት ቡና ተፈልቶ ሲዋል፣ እናትዎ ሆቴል ውስጥ እግራቸውን ሰቅለው ሲያርፉ፣ ተከታታይ ቀን የሚቆጥረው ፓስ ያለ ሥራ እያለቀ ነው።

ፓሱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ተከታታይ ነው፤ 15 ቀን፣ 22 ቀን፣ አንድ ወር እያለ እስከ ሦስት ወር ይደርሳል፤ አንዴ ከጀመረ አይቆምም። ሁለተኛው በአንድ ወር ውስጥ 4፣ 5 ወይም 7 የጉዞ ቀን፣ በሁለት ወር ውስጥ ደግሞ 10 ወይም 15 የጉዞ ቀን ይሰጣል፤ የትኞቹ ቀኖች እንደሚሆኑ የሚወስኑት እርስዎ ነዎት። አንድ የጉዞ ቀን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተነሥቶ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ያልቃል። በዚያ መሃል አንድ ባቡር ተሳፈሩም አምስት፣ የሚቆረጥብዎ አንድ ቀን ብቻ ነው። ፓሱ በ33 አገሮች ይሠራል፤ የጠቀሷቸው አራቱም አሉበት። ስሙ ዩሬይል ይባላል፤ ከእ.ኤ.አ. 1959 ጀምሮ ከአውሮፓ ውጭ ለሚኖር ሰው ሲሸጥ የቆየ ነው። ኢንተርሬይል የሚባለው ደግሞ ለአውሮፓ ነዋሪዎች ነው። ሁለቱን የሚለየው የመኖሪያ አገር ስለሆነ፣ እህትዎ «እኔም አብሬያችሁ ልሂድ» ቢሉ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ቢይዙም እንኳ የሚገዙት ኢንተርሬይል ነው። እሱ በሚኖሩበት በጀርመን ውስጥ የሚያገለግላቸው አንድ ጊዜ ለመውጫ፣ አንድ ጊዜ ለመመለሻ ብቻ ነው፤ ይህን ሳያውቁ እንዳይገዙ ይንገሯቸው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። «አንዴ ገዝተህ አውሮፓን ሁሉ» የሚባለው ግማሹ እውነት ነው። በጀርመን፣ በስዊዘርላንድና በኦስትሪያ አብዛኛው ባቡር እንደ ሜክሲኮ ሚኒባስ ነው፤ መጣ፣ ገባችሁ፣ ክፍት ወንበር ካለ ተቀመጣችሁ፣ ሄደ። የዛሬው ካመለጣችሁ ወይም እናትዎ «ዛሬስ እዚሁ እንዋል» ካሉ፣ ማንንም ሳታስፈቅዱ በነገው ትሄዳላችሁ። ቴዤቬና ፍሬቻሮሳ የሚባሉት የፈረንሳይና የጣሊያን ፈጣን ባቡሮች ግን እንደ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ናቸው፤ የወንበር ቁጥር የሌለው አይሳፈርም። ፓሱ የመንገዱን ይከፍልልዎታል፤ የወንበሩን ግን ለብቻ ነው የሚከፍሉት። ፈረንሳይ ውስጥ ብዙውን ጊዜ 10 ወይም 20 ዩሮ፣ ጣሊያን ውስጥ ከ10 እስከ 15 ዩሮ፣ ወደ ለንደን በሚሻገረው ዩሮስታር ባቡር ላይ ደግሞ 30 ዩሮና ከዚያ በላይ ነው፤ በእያንዳንዱ ሰው፣ በእያንዳንዱ ባቡር። የልጅዎ ፓስ ነፃ ቢሆንም ወንበሩ ነፃ አይደለም።

ፈረንሳይ ላይ ሌላም ችግር አለ። ለፓስ ባለቤት የሚለቀቀው ወንበር በቁጥር የተወሰነ ነው። ባቡሩ ገና ባዶ ወንበር እያለው ለፓስ የተመደበው ካለቀ፣ ፓስ በኪስዎ ይዘው ሙሉ ትኬት ይገዛሉ። እኛ ክረምት ብለን ትምህርት ቤት የምንዘጋበት ጊዜ ለእነሱ ደግሞ በጋ ነው፤ አገሩ ሁሉ ለዕረፍት የሚንቀሳቀስበት ወቅት። ስለዚህ በሐምሌ ፓሪስ ላይ ቆሞ «ነገ ወዴት እንሂድ» ማለት ውድ ያስከፍላል።

የእኔ ምክር ይህ ነው፦ እንደ ልብ መሆንን ለጀርመንና ለስዊዘርላንድ ይተዉት፣ ፓሱንም እዚያ ይጠቀሙበት። የፓሪስንና የጣሊያንን ጉዞ ግን ቀን ቆርጠው፣ መደበኛ ትኬት ወራት አስቀድመው በርካሽ ይግዙ። እናትዎ እንደ ልባቸው የሚሆኑባቸው ቀኖችና በሰዓት የሚገኙባቸው ቀኖች ተለይተው ቢታወቁ፣ ለእሳቸውም ቢሆን ከሁሉም ቀን «ይሆን አይሆን» እያሉ ከመዋል ይሻላቸዋል።

በእናንተ ጉዞ ላስላው። ሐምሌ 5 ፍራንክፈርት ገብታችሁ ሐምሌ 25 ከሮም ብትነሡ ድፍን 21 ቀን ይሆናል፤ ነሐሴ 1 ፍልሰታ ሲገባ ቤታችሁ ናችሁ። የአውሮፕላኑ ትኬት በፍራንክፈርት ገብቶ በሮም የሚወጣ ይሁን። ብዙ ሰው ደርሶ መልስ ትኬት በአንድ ከተማ ብቻ የሚቆረጥ ይመስለዋል፤ ወደ ተነሡበት ለመመለስ ብቻ አንድ ሙሉ ቀን ባቡር ላይ ማሳለፍ ግን በተለይ ለ64 ዓመት ሰው አድካሚ ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት እህትዎ ቤት ነው። ለዚያ ሳምንት ፓስ አያስፈልግም። የጀርመን ክፍላተ አገር እስከ አምስት ሰው ድረስ አብሮ የሚጓዝበት የቀን ትኬት አላቸው፤ በፈጣኑ ባቡር ባያስኬድም በአካባቢ ባቡር ያስኬዳል። በእሱ ሩደስሃይም ድረስ ሄዳችሁ የራይን ወንዝ ሸለቆን በጀልባ ማየት ትችላላችሁ። ኮሎኝም በፈጣን ባቡር ከአንድ ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። ካቴድራሉ ከጣቢያው በር ላይ ቆሞ ስለሚጠብቃችሁ እናትዎ ብዙ መራመድ የለባቸውም። ፓሪስን ሦስት ሌሊት አድርጉት፤ ከፍራንክፈርት ቀጥታ ባቡር አለ፣ አራት ሰዓት አይሞላም። መሄጃውም መመለሻውም ቀኑ ተቆርጦ ይገዛ። እውነቱን ልንገርዎ፤ ጊዜው ከጠበበ ከዝርዝሩ የምሰርዘው ፓሪስን ነው። በሦስት ሌሊት ሰልፍ ላይ ቆሞ ለመዋል ካልሆነ በቀር፣ ከእናትና ከልጅ ጋር ብዙ አያሳርፍም። ግን ልጅዎ የኤፍል ማማን ካላየ አገሩ የማይገባ ከሆነ ይገባኛል።

ፓሱ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። አንደኛው ቀን ከፍራንክፈርት በባዝል በኩል ሉሰርን። ሁለተኛው ቀን በሐይቆቹ ዳር ኢንተርላከን ደርሶ መልስ፣ ዝናብ ከሆነ ግን ሳይቆረጥ ለሌላ ቀን ይቆያል። ሦስተኛው ከሉሰርን በዙሪክ አድርጎ ኩር። አራተኛው ከኩር፣ ቤርኒና በሚባለው የተራራ ባቡር መስመር ጣሊያን ድንበር ላይ ወዳለችው ቲራኖ፣ ከዚያ ሚላኖ። አምስተኛው ከሚላኖ ቬኒስ፣ በፓሱ ላይ የወንበር ተጨምሮ። ቬኒስ ስትደርሱ ከውኃው ወዲህ ባለው ሜስትሬ ጣቢያ ላይ እንዳትወርዱ፤ እስከ መጨረሻው ጣቢያ እስከ ሳንታ ሉቺያ ድረስ ሂዱ፤ ከጣቢያው ስትወጡ ቦዩ እግራችሁ ሥር ነው። ከቬኒስ ሮም ያለው አራት ሰዓት ገደማ ስለሆነ ለብቻው ቀድሞ የተገዛ ርካሽ ትኬት ይበቃዋል፤ የፓስ ቀን አያባክኑበት። ስለዚህ የሚፈልጉት በአንድ ወር ውስጥ የ5 ቀን ፓስ ነው። ከ4 እስከ 11 ዓመት ያለ ልጅ ከአዋቂ ጋር የልጅ ፓሱ በነፃ ነው፤ ነገር ግን ከእርስዎ ፓስ ጋር በአንድ ላይ መታዘዝ አለበት። እናትዎ ደግሞ 60 ዓመት ስላለፉ 10 በመቶ ቅናሽ አላቸው። አንደኛ ማዕረግ አያስፈልግም፤ የእነሱ ሁለተኛ ማዕረግ በቂ ነው።

ይከፍላል ወይ? ሒሳቡን እንዲህ ይሥሩት፦ የፓሱን ዋጋ ለጉዞ ቀኖቹ ያካፍሉ፤ ከዚያ ያንኑ ቀን ያለ ፓስ ቢጓዙ ምን ያህል እንደሚወጣ በየአገሩ የባቡር ድርጅት ገጽ ላይ ይዩ። በስዊዘርላንድ መደበኛው ዋጋ ውድ ስለሆነ ፓሱ ያዋጣል። የፍራንክፈርት–ሉሰርንም በመነሻው ሳምንት ሲቆረጥ ዋጋው ይሰቀላል። በጣሊያን የአካባቢ ባቡር ላይ ግን የፓሱ ቀን ከትኬቱ ሊበልጥ ይችላል። ስዊዘርላንድ ውስጥ ብቻ አምስት ስድስት ቀን ከቦታ ቦታ የምትንቀሳቀሱ ከሆነ፣ የራሳቸው የስዊስ ትራቭል ፓስ ይመረጣል፤ ባቡሩን፣ አውቶቡሱን፣ ጀልባውን፣ የከተማውን ትራምና ከ500 በላይ ሙዚየሞችን ይጨምራል። ዩሬይል የከተማ ሜትሮና አውቶቡስ እንደማይጨምር ያስታውሱ፤ ፓሪስ ሜትሮ ላይ አይሠራም።

ጀርመን ላይ ፓስ የምወድበት ሌላም ምክንያት አለኝ። የጀርመን ባቡር በሰዓቱ ይመጣል የሚባለው የድሮ ወሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ከረጅም ርቀት ባቡሮቻቸው በሰዓቱ የደረሰው 62 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር፤ ያውም ስድስት ደቂቃ ያልሞላ መዘግየት «በሰዓቱ» ተብሎ ተቆጥሮ። ርካሹ ትኬት ደግሞ ከተቆረጠለት ባቡር ጋር ብቻ የታሰረ ነው። ፓስ የያዘ ሰው ግን ማገናኛው ካመለጠው በሚቀጥለው ይገባል፤ ማንንም ማስረዳት የለበትም። ስዊዘርላንድ ስትገቡ ነገሩ ይቀየራል። ከእ.ኤ.አ. 1982 ጀምሮ ባቡሮቻቸው በየሰዓቱ በተመሳሳይ ደቂቃ ላይ ይነሣሉ፤ ከ9 ሰዓት ከ4 ደቂቃ የሚነሣ ባቡር ካለ ከ10 ሰዓት ከ4 ደቂቃም ይኖራል። ለእናትዎ የሚስማማ አገር ይህ ነው፤ የጠዋቱ ካመለጣቸው ከአንድ ሰዓት በኋላ ያው ይመጣል።

የቤርኒናውን መስመር ለብቻው ላንሣው፤ ከጠቅላላው ጉዞ እኔ የምጓጓላችሁ ለዚህ ቀን ነው። ባቡሩ ያለ ጥርስ ሐዲድ፣ በተራ ጎማ፣ በመቶ ሜትር 7 ሜትር ከፍታ እየወጣ በረዶው ዳር ይደርሳል፤ ከዚያ ብሩሲዮ ላይ በክብ ድልድይ ዞሮ በራሱ ሥር ያልፋል፤ ቲራኖ ሲደርስ ከፍታው 429 ሜትር ብቻ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2008 ከአልቡላ መስመር ጋር በዩኔስኮ መዝገብ ገብቷል። ቱሪስት ሁሉ የሚያውቀው ቤርኒና ኤክስፕረስ የተባለውን ትልልቅ መስኮት ያለውን ነው፤ እሱ የግድ ወንበር ማስያዝና ተጨማሪ ክፍያ ይጠይቃል። ነገር ግን በዚያው ሐዲድ ላይ በየሰዓቱ የሚሄድ ተራ ባቡር አለ፤ ሳታስይዙ በፓሱ ትሳፈራላችሁ፣ መስኮቱም ይከፈታል፣ ደስ ባላችሁ ጣቢያ ወርዳችሁ በሚቀጥለው ትቀጥላላችሁ። እናትዎ በከፍታው ትንፋሽ ያጥራቸዋል ብለው አይስጉ። የመስመሩ ጫፍ 2,253 ሜትር ነው፤ አዲስ አበባ ከዚያ ከፍ ትላለች። ከኢንተርላከን በኩል በባቡር የሚወጣበት የተራራ ጣቢያ ዩንግፍራውዮክ ግን 3,454 ሜትር ነው፤ ከእንጦጦም ይበልጣል። ፓሱ እዚያ ላይ የሚሰጠው ቅናሽ ብቻ ስለሆነ ዋጋውም ከባድ ነው። እኔ እናቴን አልወስድበትም።

በዙሪክ ስታልፉ ጊዜ ከተረፋችሁ ወደ ሮማንስሆርን በሚሄደው ባቡር ፍራውንፌልድ ላይ ትወርዳላችሁ። ከተማዋ ብዙ የሚታይ የላትም፤ ለእኔ ግን ትርጉም አላት። የዳግማዊ ምኒልክ አማካሪ የነበረው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ የተወለደው እዚያ ነው። የጅቡቲው ባቡር ፈቃድ እ.ኤ.አ. በ1894 የተገኘው በእሱ በኩል ነው፤ ባቡሩም በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ለገሃር የሚለው ስማችን ራሱ የፈረንሳዮቹ «ላ ጋር» ነው። ልጅዎ ጣቢያው ፊት ለፊት ያለውን የይሁዳ አንበሳ ሐውልት የሚያውቅ ከሆነ፣ ታሪኩን ባቡር ላይ ቢነግሩት ደስ ይለዋል።

አሁን ቪዛው። ቆንስላው የሚጠይቀው መቼ ገብታችሁ መቼ እንደምትወጡ፣ በየአገሩ ስንት ሌሊት እንደምታድሩ፣ የት እንደምታድሩ ነው። በስንት ሰዓት ባቡር እንደምትሄዱ አይጠይቅም። ማመልከቻው የሚገባው ብዙ ሌሊት ለምታድሩበት አገር ነው። በእናንተ አቆጣጠር ጀርመን 7፣ ፓሪስ 3፣ ስዊዘርላንድ 5፣ ጣሊያን 5 ሌሊት ስለሆነ ለጀርመን ነው። ስዊዘርላንድ የአውሮፓ ኅብረት አባል ባትሆንም ሸንገን በሚባለው፣ በአንድ ቪዛ በሚዞሩባቸው አገሮች ውስጥ ስላለች ሌላ ቪዛ አይጠየቅም፤ እንግሊዝ ግን ሌላ ቪዛ ነው፣ ለንደንን ከአሳብዎ ያውጡ። የሕክምና መድኑ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍንና ሁሉንም ቀን የሚያካትት ይሁን። ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው ስድስት ወር በፊት ጀምሮ ነው፤ ለክረምት ቀጠሮው ስለሚጨናነቅ እስከ ግንቦት አይጠብቁ።

ሆቴሎቹን በእውነት ያስይዙ፤ ግን ያለ ቅጣት የሚሰረዙትን ይምረጡ። እንደ ልብ መሆን የሚገኘው በዚህ ነው። ሉሰርን ላይ አንድ ሌሊት መጨመር ወይም ኢንተርላከንን መተው ማንም አይከለክላችሁም፤ የጀርመኑ ሌሊት ከሌሎቹ እንዳያንስ ብቻ ይጠንቀቁ። «ለቪዛው ብቻ የሚሆን ቡኪንግ እንሠራለን» የሚሉ ሰዎች በከተማችን ሞልተዋል። ቪዛው ሲታይ ሆቴሉ ጋ ተደውሎ ስሙ የጠፋበት ደንበኛ አውቃለሁ፤ የተነፈገው ራሱ ተጓዡ ነው፣ ወረቀቱን የሠራለት ሰው አልተጠየቀም። እባክዎ በዚህ አይግቡበት።

ፓሱን ቪዛው ፓስፖርታችሁ ላይ ሳይለጠፍ አይግዙ። ከተገዛ በኋላ በ11 ወር ውስጥ ሥራ ማስጀመር ስለሚቻል የሚያስቸኩል ነገር የለም። ክፍያው በኢንተርኔት በዓለም አቀፍ ካርድ ነው። ፓስፖርት፣ ቪዛና የአውሮፕላን ትኬት ይዘው ባንክዎን ለጉዞ የሚሆን የውጭ ምንዛሪና ካርድ ይጠይቁ። ካልተመቸ እህትዎ በካርዳቸው ይክፈሉ፣ ግን በእናንተ ስምና «ነዋሪነት ኢትዮጵያ» ተብሎ። ስሙ የአባትና የአያት ስም ሳይቀያየር ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው፣ ፊደሉ እንኳ ሳይለወጥ ይሞላ። ተቆጣጣሪው ፓሱን ከፓስፖርት ጋር ያመሳክራል። ድንበር ላይ ፖሊስ ሊፈትሽ ስለሚችል ፓስፖርቶቹ በሻንጣ ሳይሆን በእጅ ቦርሳ ይሁኑ።

ፓሱ የሚኖረው ስልክ ላይ፣ ሬይል ፕላነር በሚባል መተግበሪያ ነው። የሦስታችሁንም በአንድ ስልክ መጫን ይቻላል። ከመሳፈራችሁ በፊት ባቡሩን እዚያ ላይ መመዝገብ ግዴታ ነው፤ ሳይመዘገብ ተሳፍሮ መገኘት እንደ ትኬት አልባ ያስቀጣል። የጉዞ ቀኑን ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ሳይሆን ጠዋት ቁርስ ላይ፣ እናትዎ ከእንቅልፍ እንዴት እንደተነሡ አይተው ይምረጡት። ስልኩ በሦስት ቀን አንዴ ኢንተርኔት ማግኘት አለበት።

ሰዓትና ቀን አደራ። አንድ ባልና ሚስት ደንበኞቼ፣ ሚስት 7:40 ብላ በማስታወሻ ጻፈች፣ በእነሱ አቆጣጠር የጠዋት 1 ሰዓት ከ40 ማለቷ ነበር፤ ባል በእኛ ሰዓት አነበበውና ቀትር ካለፈ በኋላ ጣቢያ ደረሱ። ፓስ ስለያዙ በሚቀጥለው ሄዱ፣ ቴዤቬ ቢሆን ግን ትኬቱ ቀልጦ ነበር። ስለዚህ በማስታወሻ ሲጽፉ 07:40 እና 19:40 ብለው በ24 ሰዓት ብቻ ይጻፉ፣ ሰዓቱንም አይቀይሩ። ቀኑም እንዲሁ፤ የእኛ ሐምሌ 5 ለእነሱ ጁላይ 12 ነው፤ ሁለቱንም ጎን ለጎን ያስፍሩ።

እናትዎ ረቡዕና ዓርብ እንደሚጾሙ እገምታለሁ። ባቡር ላይ የራስን ምግብ ይዞ መብላት የተለመደ ነው፤ ማንም ቀና ብሎ አያያችሁም። ዳቦ ቆሎ፣ ፍራፍሬና ውኃ ይያዙ፤ የባቡሩ ምግብ ቤት ውድ ነው፣ የጾም ምርጫውም ጥቂት ነው። ለእህትዎ የሚወስዱትን በርበሬና ሽሮ ፍራንክፈርት አራግፉት፤ ከዚያ በኋላ በየሰው አንድ ትንሽ ሻንጣ ብቻ ይኑር፣ ጣቢያ ላይ ደረጃ ብዙ ነውና። ቅቤና ቋንጣ ግን ቤት ይቅሩ። ከአውሮፓ ውጭ የሚመጣ የሥጋና የወተት ውጤት ኬላ ላይ ይወረሳል፤ እናትዎ አንጥረው ያዘጋጁት ቅቤ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሲጣል ከሚያዩ፣ ቀድመው ቢነግሯቸው ይሻላል።